በሳምንት አንድ መጽሐፍ

መጽሐፍ ማንበብ መልካም መሆኑን የሚክድ ሰው አይገኝም፤ ጊዜ ወስኖ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን መጽሐፍ በደስታ እንገዛለን፤ የመጀመሪያዎቹን ገጾች በትጋት እናነባለን፤ ከዚያ በኋላ ሥራ ይበዛል፥ እንግዳ ይመጣል፥ መጽሐፉም ምልክቱ እንደ ገባበት በመደርደሪያ ላይ ይቀራል። ይህን ልማድ ለማስቀረት ከራሳቸው ጋራ ውል ገብተው በየሳምንቱ አንድ መጽሐፍ ለመፈጸም የሚጥሩ ሰዎች በብዙ አገር አሉ። ዓመት 52 ሳምንትና አንድ ቀን ስለ ሆነ፥ ውሉን የጠበቀ ሰው በዓመቱ ፍጻሜ 52 መጻሕፍት አንብቦ ይገኛል።

ይህን የሚሰማ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው መልስ «ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። ጥያቄውም ተገቢ ነው። ሥራ ውሎ ደክሞት የሚገባው አባት፥ ከጓዳ እስከ እልፍኝ ስትባክን የምትውለው እናት፥ የትምህርት ቤት ሥራ የበዛበት ልጅ፥ ጊዜ አጠረን ቢሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን መልሱን ከሩቅ ከመፈለጋችን በፊት በየቤታችን ከራስጌ የተቀመጠውን አንድ መጽሐፍ እንመልከት።

ዳዊት በሰባት ቀን

መዝሙረ ዳዊት 150 መዝሙር ነው። አባቶቻችን ይህን መጽሐፍ ለሰባቱ ዕለታት አካፍለው አቈይተውልናል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፥ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፥ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፥ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፥ ዓርብ ከ111 እስከ 130፥ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ያለው ይደገማል፤ እሑድ መኃልየ ነቢያትና መኃልየ ሰሎሞን ይደገማሉ። ውዳሴ ማርያምም እንዲሁ ለየዕለቱ የተከፈለ ነው። እንግዲህ ይህን ሥርዓት የሚጠብቅ ክርስቲያን በየሳምንቱ አንድ መጽሐፍ ይፈጽማል፤ በ52 ሳምንትም 7,800 መዝሙር ያደርሳል ማለት ነው። ይህንም ሲያደርጉ የኖሩት ሥራ ፈቶች አይደሉም፤ የሚያርሱ፥ የሚነግዱ፥ ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው።

እርግጥ ነው፥ ዳዊት ጸሎት ነው እንጂ ለዕውቀት ብቻ የሚነበብ መጽሐፍ አይደለም። ቢሆንም ከክፍፍሉ ለማናቸውም ንባብ የሚጠቅም ሦስት ትምህርት እናገኛለን።

አንደኛው፥ ከባድ ሥራ በየዕለት ድርሻ ሲከፈል ይቀላል። 150 መዝሙር ባንድ ጊዜ ሲታሰብ ያስፈራል፤ የሰኞው 30 ግን አያስፈራም። ሁለተኛው፥ ድርሻ በቍጥር ብቻ አይለካም። የዓርብ ድርሻ 20 መዝሙር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ የሚረዝመው 118ኛው መዝሙር በዚያው ውስጥ ስላለ ቍጥሩ ቢያንስም ንባቡ አያንስም። እንዲሁም ከባዱን መጽሐፍ ከቀላሉ ጋራ በገጽ ቍጥር ብቻ ማስተካከል አይገባም። ሦስተኛው፥ ሰዓቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ዳዊቱን የሚደግም ሰው ከሌላው ሥራ በፊት ጧት ይደግማል እንጂ፥ ቀኑን ሙሉ ሥራ ሲያልቅልኝ እያለ አይጠብቅም፤ የቤት ሥራ አልቆ አያውቅምና።

በሠረገላ ላይ ያነበበው ጃንደረባ

ስለ ሥራ ብዛት ካነሣን፥ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የኢትዮጵያ ጃንደረባ ማሰብ ይገባናል። ይህ ሰው የንግሥት ህንደኬ ባለሟልና በገንዘቧ ሁሉ ላይ የተሾመ ነበር። ከእርሱ የበለጠ ሥራ የሚበዛበት ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን ለመስገድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ሲመለስ በሠረገላው ላይ ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። የመንገዱን ጊዜ የንባብ ጊዜ አደረገው። በዘመናችን አውቶቡስና ታክሲ ለመጠበቅ በሰልፍ የምንቆምበት ጊዜ፥ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ተራ የምንጠብቅበት ጊዜ፥ ቢደመር ስንት ገጽ ያስነብብ ነበር!

ደግሞም ፊልጶስ ሲያነብ ሰማው ስለሚል፥ ጃንደረባው ድምፁን አሰምቶ ያነብ እንደ ነበረ እናስተውላለን። የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ በተጠየቀ ጊዜም የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ሳያፍር ተናገረ። ንባብ በማንበብ ብቻ አይፈጸምም፤ የሚጠየቅበትና የሚጫወቱበት ሰው ያስፈልገዋል።

እንዴት እንጀምር?

አንድ ሰው 210 ገጽ ያለው መጽሐፍ ያዘ እንበል። እሑድን ትቶ ለስድስት ቀን ቢያካፍለው በቀን 35 ገጽ ይደርሰዋል። አንዱን ገጽ በሁለት ደቂቃ የሚያነብ ቢሆን 70 ደቂቃ ይፈጅበታል። ይህ ሁሉ ደቂቃ ባንድነት ካልተገኘ፥ ግማሹ ጧት ቤተ ሰቡ ሳይነሣ፥ ግማሹ ማታ ከመኝታ በፊት ሊሆን ይችላል። 70 ደቂቃ የማይገኝለት ሰው 90 ገጽ ያለውን መጽሐፍ መርጦ በቀን 15 ገጽ ያንብብ፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። የንባቡ ሰዓት ሲደርስ ስልኩን በሌላ ክፍል ማስቀመጥ ይበጃል። ስልክ በአጠገቡ ሲጮህ የሚያነብ ሰው ዓይኑ ከገጹ ላይ ቢሆንም ልቡ ሌላ ስፍራ ነውና።

ሕመም ወይም ኀዘን ወይም ድግስ መጥቶ ድርሻው የተቋረጠበት ሰው፥ የአራት ቀኑን ዕዳ ባንድ ሌሊት እከፍላለሁ ብሎ ራሱን አያስጨንቅ። ከቆመበት ይቀጥል። ብዙ ሰው ውሉን የሚያፈርሰው አንድ ቀን ስለ ቀረበት አይደለም፤ የቀረበትን ሁሉ ባንዴ ለመመለስ ሞክሮ ስለሚሰለች ነው።

መጽሐፉስ በምን ይገዛል የሚል ጥያቄ ይነሣል። በየሳምንቱ አዲስ መጽሐፍ መግዛት ለብዙ ቤት ከባድ ነው። በአዲስ አበባ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክር አለ፤ በየከተማውም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በየመንገዱ አሮጌ መጽሐፍ በርካሽ የሚሸጡና የሚያከራዩ አሉ። ከሁሉ የሚቀለው ግን መዋዋስ ነው። አራት ጎረቤታሞች እያንዳንዳቸው በወር አንድ መጽሐፍ ቢገዙና በየሳምንቱ ቢለዋወጡ፥ አንዱ ቤት በአንድ መጽሐፍ ዋጋ አራት ያነባል።

ቀጭኑና ወፍራሙ

ለሳምንት የሚሆን ቀጭን መጽሐፍ በአገራችን ሞልቷል። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለው፥ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፥ ከሳምንት ባነሰ ጊዜ የሚያልቅ ነው። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ» እንዲሁ ነው። ነገር ግን በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ስለ ሆነ፥ በአንድ ሳምንት ጨርሼ ልቍጠር የሚል ሰው ወይ ሥራውን ይበድላል፥ ወይ መጽሐፉን ይበድላል።

የዚህ ውል ትልቁ ፈተና በዚህ ላይ ነው። ቍጥሩን ለመሙላት ሲል ወፍራሙን መጽሐፍ እየሸሸ ቀጭን ቀጭኑን ብቻ የሚለቅም፥ ወይም ገጽ እየዘለለ የሚገልጥ ሰው፥ በዓመቱ ፍጻሜ 52 መጻሕፍት ቈጥሮ ከልቡ ግን አንዱም አይገኝም። ስለዚህ ለወፍራሙ ሦስት ወይም አራት ሳምንት መስጠት ነውር አይደለም። ውሉ በየዕለቱ በማንበብ ይጸናል እንጂ ቅዳሜ ማታ መጽሐፍ በመዝጋት ብቻ አይጸናም።

ቤተ ሰቡ የሚካፈለው ንባብ

ሌላም ፈተና አለ። አባት መጽሐፉን ይዞ በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ፥ እናት ለብቻዋ ስትደክም፥ ልጅም ጥያቄውን ይዞ ደጅ ሲቆም፥ ያ ንባብ ለአንባቢው ዕውቀት ቢጨምር ለቤቱ ጉዳት ነው። መድኀኒቱ ንባቡን መተው አይደለም፤ ማካፈል ነው። እናት ምስር ስትለቅም ወይም ጥጥ ስትፈትል ልጅ ከአጠገቧ ተቀምጦ ድምፁን አሰምቶ ቢያነብላት፥ እርሷ ትሰማለች፥ ልጁም ንባቡ ይቀናል። ፊደል ያልቈጠሩ አያቶች ባሉበት ቤት ይህ ይልቁንም ያስፈልጋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በተተረከ ጊዜ፥ መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው የማያውቁ ሰዎች በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤቶቻቸው አውቀዋቸዋል። በሬዲዮ የተቻለው በየቤቱ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

እሑድን ከንባብ ድርሻ ነጻ ያደረግነውም ስለዚህ ነው። ከቅዳሴ መልስ ቡና ሲፈላ፥ እያንዳንዱ በሳምንቱ ካነበበው አንድ ነገር ይናገር፤ ያልገባውንም ይጠይቅ። የጃንደረባው ጥያቄና የፊልጶስ መልስ በቤታችን የሚፈጸመው በዚህ ጊዜ ነው። የሚናገሩት እንዳለባቸው የሚያውቁ ልጆች ገጽ አይዘሉም፤ የሚጠየቅ አባትም አይዘልም።

መድገም

አባቶቻችን ዳዊት አነበብን አይሉም፤ ዳዊት ደገምን ይላሉ። ይህ ቃል የሚያስተምረን አለ። አዲስ መጽሐፍ ዕውቀት ይጨምራል፤ የተደገመ መጽሐፍ ግን ከሰው ጋራ ይኖራል። ዳዊቱን ሃምሳ ዓመት የደገመ ሽማግሌ፥ መጽሐፉ ከእጁ ሳይኖር፥ መብራት ሳይበራ፥ ዓይኑም ቢደክም፥ በልቡ ያነበዋል። 52 መጻሕፍትን ባንድ ዓመት አሳልፎ አንዱንም ያልደገመ ሰው ይህን ሀብት አያገኝም።

ስለዚህ ይህን ውል ለመግባት የሚወድ ቤተ ሰብ የፊታችን ሰኞ በአንድ ቀጭን መጽሐፍ ይጀምር፤ የየዕለቱን ድርሻ በወረቀት ጽፎ በግድግዳ ይለጥፍ፤ የፈጸመውንም መጽሐፍ ስም ከነቀኑ በደብተር ይመዝግብ። በዓመቱ መጨረሻ ጳጉሜን ሲገባ ግን አዲስ መጽሐፍ አይጀምር። ደብተሩን ከፍቶ፥ ቤተ ሰቡ ብዙ የተጫወተበትን አንዱን መርጦ ይድገመው። 51 አንብቦ 52ኛውን የደገመ ሰው ውሉን በሚገባ ፈጽሟል።