ፓክድ ላፕቶፕ ወይስ ዩዝድ የቢሮ ላፕቶፕ? ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ



ወራት ሙሉ ያጠራቀማችሁትን ብር ይዛችሁ ላፕቶፕ ሱቅ ገባችሁ እንበል። ሻጩ በተመሳሳይ ዋጋ ሁለት ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላችሁ። አንዱ ፓክድ ነው፤ ከነካርቶኑ፣ ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ። ሌላኛው ጥቁር፣ ወፈር ያለ፣ ጠርዙ ጫር ጫር ያለ፣ ከውጭ የገባ ዩዝድ። የትኛውን ትወስዳላችሁ?

የብዙዎቻችን እጅ የሚሄደው ወደ አዲሱ ነው። ግን በጀታችሁ አነስተኛ ከሆነና ላፕቶፑን የምትፈልጉት ለትምህርት ወይም ለሥራ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሻለው ያ የማያምረው ጥቁሩ ነው። ሳይፈተሽ ከተገዛ ደግሞ ብራችሁን ይዞ ሊቀር የሚችለውም እሱው ነው። ነገሩን አንድ በአንድ እንየው።

📌 ልዩነቱ ምንድነው?

ትልልቆቹ አምራቾች ላፕቶፕ የሚሠሩት በሁለት መስመር ነው።

▪️ ለግለሰብ ተጠቃሚ፦ የሌኖቮ አይዲያፓድ፣ የኤችፒ ፓቪሊዮን፣ የዴል ኢንስፓይሮን።
▪️ ለድርጅት (የቢዝነስ ወይም የቢሮ የሚባሉት)፦ የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክና ፕሮቡክ፣ የዴል ላቲትዩድ።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ግለሰብ ሱቅ ገብቶ መልኩን፣ ስክሪኑንና ዋጋውን አይቶ ነው የሚገዛው። መቶና ሁለት መቶ ላፕቶፕ በአንዴ የሚገዛ ድርጅት ግን "ሲበላሽ በስንት ሰዓት ተጠግኖ ይመለሳል?" ብሎ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ የቢሮ ላፕቶፖች በአብዛኛው ማጠፊያቸው ጠንካራ ነው፣ ኪቦርዳቸው ብዙ መተየብ ይችላል፣ ከሥር ያለው ክዳን በቡሎን ተፈትቶ ራም፣ ሃርድ ዲስክና ባትሪ ይቀየራል። አምራቾቹ እንዴት እንደሚፈቱ የሚያሳየውን መመሪያም ኢንተርኔት ላይ በነፃ ያስቀምጣሉ። እኛ ሀገር ለሚኖር ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሞዴሉ በብዛት ስለሚገኝ መለዋወጫም ጠጋኝም አይጠፋም።

📌 ታዲያ ለምን ረከሰ?

ውጭ ሀገር ያሉ ድርጅቶች ላፕቶፖቻቸውን ብዙውን ጊዜ በሦስትና በአራት ዓመት ይቀይራሉ። የሚቀይሩት ስለተበላሸ አይደለም፤ ዋስትናው ወይም የኪራይ ውሉ ስላለቀ ነው። አሮጌው በጅምላ ይሸጣል። ወደኛ የሚመጣውም በዚህ መንገድ ነው፤ ብዙው በዱባይ በኩል። አዲስ እያለ ውድ የነበረ ዕቃ፣ ዋጋው ወድቆ ገና ጉልበቱ ሳያልቅ እናንተ ጋ ይደርሳል ማለት ነው።

በዚያው ብር የሚገኘው ፓክድስ? ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ርካሽ ሞዴል ነው። ሴሌሮን ፕሮሰሰር፣ 4 ጂቢ ራም፣ 64 ጂቢ ወይም 128 ጂቢ ኢኤምኤምሲ። ኢኤምኤምሲ ስልክ ላይ እንዳለው ሚሞሪ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ በትልቅ አይቀየርም፤ ከኤስኤስዲ ጋር ሲነጻጸርም ዘገምተኛ ነው። ብሮውዘር ላይ አሥር ታብ ከፍታችሁ ዙም ስትጀምሩ አዲሱ ላፕቶፕ መንተፋተፍ ይጀምራል።

📌 "ኮር አይ 7 ነው" ሲሏችሁ

"ስንተኛ ጀነሬሽን?" ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፤ ከአይ 5 ወይም ከአይ 7 ቀጥሎ ያለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር በ8 ከጀመረ 8ኛ ጀነሬሽን ነው፣ በ6 ከጀመረ 6ኛ።

ለምን 8 ላይ እናተኩራለን? ሁለት ምክንያት አለ።

1️⃣ የ6ኛው ጀነሬሽን ኮር አይ 7-6600ዩ ያለው ኮር 2 ብቻ ነው። የ8ኛው ኮር አይ 5-8250ዩ ግን 4 ኮር አለው። ማለትም አሮጌ "አይ 7" ከአዲስ "አይ 5" ሊያንስ ይችላል።

2️⃣ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚደግፈው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከ8ኛው ጀነሬሽን ጀምሮ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዛሬ 6ኛ ጀነሬሽን የሚገዛ ሰው መንገዱ ያለቀበትን ነው የሚገዛው።

ለምሳሌ ቲንክፓድ ቲ480ን ውሰዱ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ ፕሮሰሰሩ በአብዛኛው 8ኛ ጀነሬሽን፣ ራም የሚገባበት ሁለት ቦታ አለው። ሁለት ባትሪም ይይዛል፤ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ከኋላ የሚወጣ። የውስጡ ቻርጅ ካለው የኋላውን ሳታጠፉት አውጥታችሁ ሌላ መሰካት ትችላላችሁ። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም 😅

ግን ሁሉም የቢሮ ላፕቶፕ እንደዚህ አይደለም። ቲንክፓድ ኤክስ 1 ካርቦን ለምሳሌ ቀጭንና ቀላል ቢሆንም ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። 8 ጂቢ ከገዛችሁ እስከ መጨረሻው 8 ጂቢ ነው።

⚠️ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ አምስቱን ፈትሹ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆን ብር ከማስተላለፋችሁ በፊት፦

✅ ባዮስ፦ አጥፍታችሁ አብሩትና ባዮስ ውስጥ ግቡ። ፓስዎርድ ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው ተዉት። በቢሮ ላፕቶፖች ላይ ይሄ ፓስዎርድ ባትሪ በመንቀል አይጠፋም።

✅ የድርጅት ቁልፍ፦ ትልቁ ወጥመድ ይሄ ነው። አንዳንዱ ላፕቶፕ የቀድሞው ድርጅት መዝገብ ላይ እንዳለ ይሸጣል። ዛሬ በደንብ ይሠራል፤ ነገ ፎርማት አድርጋችሁ ዊንዶውስ ስትጭኑና ኢንተርኔት ስታገናኙ "በድርጅታችሁ ኢሜይል ግቡ" ይላችኋል። ሻጩ ከዋይፋይ ጋር አገናኝቶ ሪሴት ያድርግላችሁ። ጊዜ የለም ካለ፣ ፎርማት ስታደርጉ ይሄ ቢመጣ እንደሚቀይርላችሁ ደረሰኙ ላይ ያስፍር።

✅ ባትሪ፦ ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ሻጩ እንዲያወጣላችሁ ጠይቁ። ሁለት ቁጥር ታያላችሁ፦ ባትሪው ሲመረት የሚይዘውና አሁን የሚይዘው። 50,000 የነበረው 30,000 ከሆነ የቀረው 60 በመቶ ነው። እሱን ይዛችሁ ዋጋ ተደራደሩ።

✅ ስክሪን፦ ሙሉ ነጭና ሙሉ ጥቁር ምስል ከፍታችሁ ነጠብጣብና ጥላ ፈልጉ። ከጎን ስታዩትም ቀለሙ የሚቀየር ከሆነ ፓነሉ ደካማው ዓይነት ነው።

✅ ኪቦርድና ቀዳዳዎች፦ ኖትፓድ ከፍታችሁ እያንዳንዱን ፊደል ተጫኑ። ፍላሽ፣ ቻርጀር፣ ኢርፎን ሁሉንም ሰክታችሁ ሞክሩ። ካሜራና ማይክም እንዳይረሳ።

📌 አዲሱ የሚያዋጣው መቼ ነው?

ጌም የምትጫወቱ ወይም ከባድ ቪዲዮ ኤዲት የምታደርጉ ከሆነ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ያስፈልጋችኋል፤ ተራው የቢሮ ላፕቶፕ ይሄን አይሰጥም። ዲዛይን የምትሠሩም ስክሪን ላይ ተጠንቀቁ፤ የብዙ ዩዝድ ቢሮ ላፕቶፖች ስክሪን ደብዘዝ ያለ ነው። በጀታችሁ ከፍ ካለ ደግሞ ጥሩ ፕሮሰሰር፣ 16 ጂቢ ራምና ኤስኤስዲ ያለው ፓክድ ከነዋስትናው መግዛት ይሻላል። ዋስትናው ግን እዚህ የሚሠራ መሆኑን ጠይቁ፤ ውጭ ሀገር የተገዛ ዕቃ ዋስትና ሁልጊዜ ተከትሎ አይመጣም።

አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ስለ ቻርጀሩ አትጨነቁ። የላፕቶፕ ቻርጀሮች በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፤ ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት። የሚያስፈልጋችሁ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው። የሞዴሉን ሙሉ ስምና የፕሮሰሰሩን ቁጥር ግን ጽፋችሁ ላኩለት። "ጥሩ ላፕቶፕ ግዛልኝ" ካላችሁት መልኩን አይቶ ነው የሚገዛው።

በአጭሩ፦ በትንሽ ብር ስትገዙ ካርቶኑን ሳይሆን ውስጡን ግዙ። 8ኛ ጀነሬሽን ወይም ከዚያ በላይ፣ 8 ጂቢ ራም (ቢቻል 16)፣ ኤስኤስዲ፣ ቁልፍ የሌለበት። እነዚህ ከተሟሉ ጫር ጫር ማለቱ ችግር የለውም፤ ስቲከር ይሸፍነዋል 😄

እናንተስ አሁን የምትጠቀሙት የትኛውን ነው? ዩዝድ ገዝታችሁ የገጠማችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ላፕቶፕ ሊገዛ ላሰበ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት 🙏