አሮጌ መኪና ፈተና ሲቀመጥ

ኤምኦቲ የሚባለው የብሪታኒያ የተሽከርካሪ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲጀመር ያነጣጠረው አሮጌ መኪና ላይ ብቻ ነበር። አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ መኪና ፍሬኑ፣ መሪውና መብራቱ ይታይ ተባለ። ታዲያ የወደቀው መኪና በመብዛቱ ዕድሜው ብዙም ሳይቆይ ወደ ሰባት፣ በ1967 ደግሞ ወደ ሦስት ዓመት ወረደ። ዛሬ ሦስት ዓመት የሞላው መኪና በየዓመቱ ይመረመራል። ለቦሎ ሲል በየዓመቱ መኪናውን ምርመራ ለሚያስገባ የአዲስ አበባ አሽከርካሪ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ዋናው ፍተሻ የፍሬን ነው። ጎማዎቹ በሞተር የሚዞሩ ሮለሮች ላይ ይወጣሉ፤ መርማሪው ፍሬን ሲይዝ መሣሪያው የእያንዳንዱን ጎማ የመያዝ ጉልበት ይለካል። የግራውና የቀኙ በጣም ከተለያየ መኪናው በድንገት ሲቆም ወደ አንድ ጎን ይጎትታል ማለት ነው። አሮጌ መኪና ላይ መንሥኤው ብዙ ጊዜ የተጣበቀ ፒስተን ወይም ዘይት የነካው የፍሬን ሸራ ነው። ጎማውም ይታያል፤ ጥርሱ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም።

ያረጀ መኪና ዋና ጠላቱ ግን ዝገት ነው። የመቀመጫ ቀበቶ ወይም መሪ ከታሰረበት ቦታ በ30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ አካሉን ክፉኛ ከበላው መኪናው ይወድቃል። መርማሪው በጣቱ ይጫናል፣ መታ መታ ያደርጋል እንጂ አንድም ብሎን አይፈታም። የሞተር፣ የፍሪሲዮንና የካምቢዮ ጤንነትም አይመረመርም፤ ስለዚህ ያለፈ መኪና ሁሉ ደህና መኪና አይደለም።

አንድ ነገር አይዋጥልኝም፦ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምረው ጋራዥ ራሱ ጠጋኝ ነው። በሰሜን አየርላንድ ምርመራው በመንግሥት ማዕከላት ስለሚካሄድ መርማሪው ከጥገናው የሚያገኘው ጥቅም የለም፤ ይህኛው ይሻላል። ሌላም አለ። ከ2018 ወዲህ ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸውና በመሠረቱ ያልተለወጡ መኪኖች ከምርመራው ነፃ ሆነዋል። ምክንያቱ ባለቤቶቻቸው ስለሚንከባከቧቸውና ብዙም ስለማይነዷቸው ነው ይባላል። ዝገት ግን የቆመ ነው ብሎ አይምርም።

እዚያ አገር ያገለገለ መኪና ሊገዙ ካሰቡ በታርጋ ቁጥሩ የምርመራ ታሪኩን ከመንግሥት ድረ ገጽ በነፃ ያንብቡ፤ የተጓዘው ማይል ጭምር ሰፍሯል። ስለ ዝገት የተሰጠ ማሳሰቢያ ከዓመት ዓመት ሲደጋገም ካዩ ዋጋ አይከራከሩ፤ ይተዉት።