የጎጃም አፈር የት ያርፋል? የውሃ ወለልን በድምፅ የመለካት ሙያ ዳሰሳ

ሐምሌ ላይ በፍኖተ ሰላም አጠገብ ቆሞ ላህን ያየ ሰው ውሃ ሳይሆን መሬት ሲሄድ ነው የሚያየው። ቀለሙ የቡና አተላ ይመስላል። በብርጭቆ ቀድቶ ጥቂት ላስቀመጠው ከሥሩ ቀይ ጭቃ ይረጋለታል። ቡሬ ላይ ፈጣም፣ ደምበጫ ላይ ተምጫ ከዚህ አይለዩም። ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ልጅ አዋቂው ያውቃል፤ ዓባይ ነው መድረሻው። አፈሩ የት እንደሚያርፍ፣ ምን ያህል እንደተከመረ፣ የተከመረበትን ቦታ ምን እንዳደረገው ግን ከላይ ሆኖ ማየት አይቻልም። ይህን የሚያሳይ ሙያ አለ። በሌላው ዓለም ለባሕር ጠረፍና ለደሴቶች ጥበቃ ዋና መሣሪያ ሆኗል፤ እኛም ዘንድ በጣና ላይ ተሠርቶበታል።

ነገሩ ከሰከላ ይጀምራል። ግሽ ዓባይ ካለበት ከፍታ ወደ ሰሜን የወረደ ዝናብ ግልገል ዓባይ ሆኖ ጣና ይገባል። ወደ ደቡብ የወረደው ደግሞ በፈጣም፣ በላህና በብር በኩል ጣናን ሳይነካ በቀጥታ ዓባይ ሸለቆ ውስጥ ይገባል። ጎረቤት የሆኑ ሁለት ማሳዎች አፈራቸው በሁለት መንገድ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። የሰሜኑ ጣና ወለል ላይ ይተኛል፤ የደቡቡ ቀድሞ ሱዳንን አቋርጦ ይሄድ ነበር፣ አሁን ደግሞ የኅዳሴው ግድብ ሐይቅ ይጠብቀዋል።

የገጠር ልጅ ሆኖ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ያልተጣራ የለም። የገደል ማሚቶው ቶሎ ከመለሰ ገደሉ ቅርብ ነው፣ ከዘገየ ሩቅ። ሶናር የሚባለው መሣሪያ የሚሠራው በዚሁ ብልሃት ነው። ከጀልባው ሥር የተሰቀለ ድምፅ ላኪ አጭር ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ ወለሉን መትቶ ሲመለስ የፈጀው ጊዜ ይለካል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ግን 1,480 ሜትር ገደማ። ጣና ጥልቅ በሆነበት ስፍራ 14 ሜትር ያህል ነው፤ ድምፁ እዚያ ደርሶ ለመመለስ የሰከንድ 50ኛ እንኳ አይፈጅበትም።

ብርሃን ለምን አይበቃም ለሚል፣ መልሱ ጣና ራሱ ነው። ከአውሮፕላን ላይ በሌዘር ጥልቀት መለካት የሚቻለው ውሃው በጠራበት ባሕር ነው፤ ደለል በተሞላ ውሃ ውስጥ ብርሃን ጥቂት ሄዶ ይጠፋል። ሳተላይትም የውሃውን ከፍታ ይለካ እንጂ ወለሉን አያይም። ድፍርስ ውሃ የማይበግረው ድምፅ ብቻ ነው።

ሥራው ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። ጀልባዋ ከመነሳቷ በፊት ባለሙያው የብረት ሳህን በሰንሰለት አስሮ ከድምፅ ላኪው ሥር ያወርዳል። ሰንሰለቱ 2 ሜትር ላይ ሲቆም መሣሪያው 2 ማለት አለበት፤ 4 ላይ ሲቆም 4። መሣሪያው 4 ሜትር ከ10 ሴንቲ ካለ የተሞላለት የድምፅ ፍጥነት ከውሃው ጋር አልተስማማም፤ የውሃው ሙቀት ሲለወጥ ፍጥነቱም ስለሚለወጥ ይስተካከላል። ከዚያ ጉዞው ይጀመራል። ጀልባዋ በቀጥታ መስመር ሄዳ፣ ዞራ፣ ከመጀመሪያው ጎን ሌላ መስመር ይዛ ትመለሳለች። ገበሬ ማሳውን አንዴ በቁመት አንዴ በአግድም እንደሚያርሰው፣ መጨረሻ ላይ መስመሮቹን የሚያቋርጡ ሌሎች መስመሮች ይሄዳሉ። ሁለቱ በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ልኩ አንድ ካልሆነ ስህተት አለ። ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ሞገድ ስለሚያስነሳ ሥራው ጠዋት ጠዋት ቢሆን ይሻላል።

መሣሪያዎቹ ዓይነታቸው ብዙ ነው። ርካሹና በእኛ አገር የተለመደው በአንድ ጊዜ አንድ ነጥብ ብቻ የሚለካው ነው። ከፍ ያለው በአንድ ጊዜ በመቶ የሚቆጠሩ ጨረሮችን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ወለሉን በሰፊው ይጠርጋል። ወደ ጎን የሚያየው ደግሞ ጥልቀት ሳይሆን መልክ ነው የሚሰጠው፤ አሸዋውን ከጭቃ፣ ጠጠሩን ከአለት ይለያል። አራተኛው ዝቅተኛ ድምፅ ተጠቅሞ ወለሉን ሰርስሮ ከሥሩ ያሉትን ንብርብሮች ያሳያል። ጭቃ ላይ የድምፁ ቅጥነት ልዩነት ያመጣል። ቀጭኑ ድምፅ ከለስላሳው ጭቃ አናት ላይ ይመለሳል፤ ወፍራሙ ሰርጎ ጠንካራውን ይመታል። ሁለቱ የሰጡት ልክ ሲለያይ አዲስ ደለል እንዳለ ያስጠረጥራል።

ጥልቀቱ ዝቅ ያለ ውሃ ለመለካት ቀላል ይመስላል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋው ሶናር የሚጠርገው ስፋት የጥልቀቱን ሦስት አራት እጥፍ ያህል ነው። 14 ሜትር ላይ በአንድ ጉዞ ሃምሳ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ 3 ሜትር ላይ አሥር ሜትር ብቻ። የሚለወጠው መሬት ያለው ደግሞ እዚያው ዝቅ ያለው ዳር ላይ ነው፤ ወንዝ አሸዋውን የሚጥለው፣ ዓሣ የሚረባው፣ ደንገል የሚበቅለው እዚያ ነው። ብዙ ካርታዎች መሃሉን አሳምረው ዳሩን በግምት የሚተዉት በዚህ ምክንያት ነው።

ጣናን የመለካት ታሪክ ከአገር ውስጥ ጥያቄ አልተነሳም። እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቱ ሁሉ በዚህ አቆጣጠር ነው) በ1920 እና 1921 ግራብሃምና ብላክ የተባሉ ባለሙያዎች የመሩት ቡድን ሐይቁን ሲያጠና ዓላማው ለግብፅና ለሱዳን ውሃ ማጠራቀም ነበር። ከ1925 ጀምሮ ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው ሜጀር ቺዝማን ሐይቁን ዞሮ፣ ደሴቶቹን ጎብኝቶ፣ መጽሐፉን በ1936 አሳተመ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የኒው ዮርኩ ዋይት ኩባንያ ለግድብ ጥናት መጣ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ የጣሊያን የጥናት ቡድን ሐይቁን መርምሮ፣ ሞራንዲኒ የተባለው አጥኚ ውጤቱን በ1940 አወጣ፤ የጥልቀቱ ካርታ ለረጅም ዘመን መነሻ ሆኖ አገልግሏል። ሁሉም ትተውልን የሄዱት መረጃ ይጠቅማል። ግን ጠያቂው ሌላ ስለነበር ጥያቄውም የሌላ ነበር፤ ስንት ውሃ ይያዛል እንጂ ስንት አፈር ገባ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የድምፅ መለኪያና ጂፒኤስ የያዙ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጣናን በጀልባ ለክተዋል። ይህ እንዲሁ የዲግሪ ማሟያ ብቻ አይደለም። ከጣና መውጫ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ በ1996 ተሠርቷል፤ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስም ከ2010 ጀምሮ ውሃውን በዋሻ ይወስዳል። የመቆጣጠሪያውን በር ለመክፈትም ለመዝጋትም ሐይቁ በየከፍታው ምን ያህል እንደሚይዝ ማወቅ ግድ ነው። የጣና ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ጥልቀቱ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ መሳሳት 300 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ መሳሳት ነው። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ ሞልቶ የሚይዘው 83 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ስህተቱ ከሦስት ቆጋ ይበልጣል። በ2003 ሐይቁ ክፉኛ ሲወርድ የጀልባ ጉዞ መስተጓጎሉን የባሕር ዳር ሰው አይረሳውም። ለዚህ ነው የተለካ ጥልቀት ሁሉ ባሕር ዳር ከተማ ላይ ካለው የሐይቁ የከፍታ መለኪያ ጋር ካልተያያዘ ዋጋ የማይኖረው። ሐይቁ በሰኔና በመስከረም መካከል በሜትርና ከዚያ በላይ ይለያያልና ቀን ያልተጻፈበት ልክ ልክ አይደለም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ወለሉን ሰርስሮ የሚያየው ሶናር ያሳየው ነው። ሄንሪ ላም፣ ሪቻርድ ባትስ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሙሐመድ ዑመርና የዓሣ ተመራማሪው እሸቴ ደጀን የነበሩበት ቡድን በ2007 ባሳተመው ጥናት ከጣና ወለል ሥር ድምፅን አጥብቀው የሚመልሱ አራት ንብርብሮች ታዩ። የላይኛው ደርቆ የጠነከረ ደለል ሆነ። በዳሩ በኩል ጅረቶች የቆረጡት ቦይ ሳይቀር ተቀብሮ ታየ። ከሐይቁ መካከል፣ ጥልቅ ከሆነው ስፍራ የወጣው የአፈር ናሙና ደግሞ ከሥሩ የረግረግ ብስባሽ ይዞ ተገኘ። ጣና ደርቆ ነበር፤ የዛሬ 16,700 ዓመት ገደማ ደግሞ አሁን ጀልባ በሚሄድበት መሃል የደንገል ረግረግ ሆነ። ሐይቁ ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ከዛሬ 14,750 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ደሴቶቹና ገዳማቱ ዘላለማዊ ለሚመስሉን ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፦ ሐይቁ አንዴ ሄዶ የተመለሰ ነው።

አሁን ወደ ወንዙ አፍ እንምጣ። ግልገል ዓባይ ከዘጌ በስተምዕራብ ጣና ሲገባ ጉልበቱን ያጣል፤ ጠጠሩን መጀመሪያ፣ አሸዋውን ቀጥሎ፣ ደቃቁን ጭቃ ርቆ ይጥላል። እንዲህ እየጣለ ወደ ሐይቁ የዘለቀ የደለል መሬት ሠርቷል። በምሥራቅ በኩል ጉማራም እንዲሁ ነው። ከ1957 የአየር ፎቶ ጀምሮ ያለውን ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች የጉማራ አፍ ወደ ሐይቁ መግፋቱን፣ የወንዙም ወለል በደለል ከፍ ማለቱን አሳይተዋል፤ ፎገራ በጎርፍ መቸገሩ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ፎቶው የሚያሳየው ግን ከውሃ በላይ ብቅ ያለውን ብቻ ነው። ከውሃው በታች ያለው ግንባር፣ ነገ ብቅ የሚለው፣ በሶናር ካልታየ አይታይም።

በሌላው ዓለም ይህን ትምህርት የሰጠው የባሕር ጠረፍ ነው። ከባሕር ጠረፍ ትይዩ የተዘረጉ ረጃጅም የአሸዋ ደሴቶች አሉ፤ ማዕበልን ከየብስ ስለሚከላከሉ የሚወደዱ። ኒው ዮርክ አጠገብ ያለው ፋየር አይላንድ አንዱ ነው። በጥቅምት 2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ደሴቱን ቆርጦ የውሃ መተላለፊያ ከፈተበት። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የፊቱን ባሕር ወለል በሶናር ጠርጎ ነበርና ሁለቱን ማነጻጸር ቻለ። የደሴቱ ዕጣ የሚወሰነው ከፊቱ ውሃ ውስጥ ባሉ የአሸዋ ተረተሮች ጭምር መሆኑን ያስረዱት እነዚህ ካርታዎች ናቸው። ጣና ማዕበልና ሞገዱ የውቅያኖስ አይደለም፤ የነገሩ ሥር ግን አንድ ነው። የዳር መሬት ከፊቱ ካለው የውሃ ውስጥ መሬት ተነጥሎ አይጠናም።

ዓሣ አጥማጁም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አለው። ነጭ ዓሣ የሚባሉት የጣና ዘሮች አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም፤ ከመካከላቸው በክረምት ወንዝ ወጥተው ጠጠር ላይ የሚራቡ አሉ። ጠጠሩን ጭቃ ሲሸፍነው እንቁላሉ ይታፈናል። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ደግሞ ዳር ዳር ወለሉን ቆፍሮ ጎጆ ይሠራል። የወለሉን መልክ የሚለየው ሶናር የቱ ጠጠር፣ የቱ ጭቃ እንደሆነ ይነግራል፤ ማጥመድ የሚከለከልበትን ስፍራ ለመለየት ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። በ2011 ጣና ላይ የታየው የእምቦጭ አረምም ዝቅ ያለውን ዳር ይወዳል፤ የማጨጃ ጀልባ የት ገብታ የት እንደምትቀረቀር የሚያሳየው ያው የጥልቀት ካርታ ነው።

አፈሩ ከሚነሳበት በኩል ግን ምዕራብ ጎጃም ባዶ እጁን አይደለም። ከደምበጫ በስተሰሜን ያለችው አንጀኒ ከ1984 ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ናት። 113 ሄክታር በሆነች ተፋሰስ ውስጥ ዝናቡ፣ ጎርፉና ጎርፉ ይዞት የሚሄደው አፈር ሲለካ ኖሯል። ገበሬው በ1986 የሠራው እርከን እየደለደለ መሬቱን ደረጃ በደረጃ አስተካክሎታል፤ ሄዶ ያየ ይመሰክራል። እንዲህ ያለ ረጅም መዝገብ በአፍሪካ ብርቅ ነው። የጎደለው ጥንዱ ነው፦ ከማሳ የወጣው ሲመዘገብ፣ ውሃ ሥር የደረሰውም በዚያው ትጋት መመዝገብ ነበረበት። ወጪ ብቻ የሚጻፍበት መዝገብ ሒሳቡ አይዘጋም።

ግድቦች ላይ ይህ መዝገብ በቀጥታ ገንዘብ ነው። በ1960 ሥራ የጀመረው ቆቃ ከያዘው ውሃ ትልቅ ድርሻ የሚሆነውን ቦታ ለደለል እንደለቀቀ የታወቀው ወለሉ ደጋግሞ በመለካቱ ነው። የጎንደርን ከተማ የሚያጠጣው አንገረብም በደለል ተፈትኗል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የኅዳሴው ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ የላህና የፈጣም አፈር ከእንግዲህ መጨረሻው እዚያ ነው። ሐይቁ ገና ለጋ ሳለ የሚወሰደው ልክ ከ50 ዓመት በኋላ ለሚለኩት መነሻ ይሆናል። ዛሬ ካልተወሰደ ግን ተመልሶ የሚወሰድበት መንገድ የለም።

ስለዚህ ባሕር ዳር ላሉት የውሃና የዓሣ ምርምር ተቋማት፣ ለዩኒቨርሲቲውም አንድ ልመና አለኝ። ጣናን ስትለኩ ከፊተኞቹ መስመሮች ቢያንስ ጥቂቶቹን መልሳችሁ ሂዱባቸው፤ ልኩን ከባሕር ዳሩ የከፍታ መለኪያ ጋር አያይዙት፤ ቀኑን ጻፉ። ከግልገል ዓባይ አፍ ጀምሩ፤ ዝቅ ያለውን ዳር ለመጨረሻ አትተዉት። ጥሬውን መረጃም ቡሬም ፍኖተ ሰላምም ያለ የግብርና ባለሙያ ሊያገኘው በሚችል ቦታ አስቀምጡት፤ እርከን የሚያሠራው እሱ ነውና።