«የጥቁር ልክ» እና «የነጭ ልክ»፤ የቪዲዮ ካሴት ምስልን ወደ ዲጂታል በመለወጥ ሥራ የሚያስፈልጉ ስያሜዎች

አንድ የሙያ ቃል በተሳሳተ አቻ ሲተረጐም ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ በወረቀት ላይ ተወስኖ ይቀራል፤ ቀጣዩ እትም ያርመዋል። የቪዲዮ ካሴት ምስልን ወደ ዲጂታል በመለወጥ ሥራ ግን ነገሩ ከዚህ ይለያል። ቪ.ኤች.ኤስ. የተባለው ካሴት እ.ኤ.አ. በ1976 በጃፓን ለገበያ ከቀረበ ወዲህ በየቤቱ የተከማቸው የሠርግና የክርስትና ምስል በዕድሜ ብዛት እየደከመ ነው፤ የሚያጫውተውም ዴክ መመረት አቁሟል። ቅጂው የሚወሰደው ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ለሠራተኛው የሚተረጐምለት መመሪያ በትክክለኛ ቃል መጻፍ አለበት።

ከዴክ የሚወጣው ምስል ከፍና ዝቅ የሚል የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። አገራችን በተቀበለችው የፓል ሥርዓት ጥቁር በ0 ቮልት፣ ሙሉ ነጭ በ0.7 ቮልት ይወከላል። ምልክቱ ከ0 እስከ 255 በሚዘልቀው የዲጂታል መደብ ሲቀመጥ ጥቁሩ በ16፣ ነጩ በ235 ላይ ሊያርፍ ይገባዋል። በእንግሊዝኛ «ሌቭል» የሚባለው እንግዲህ የእነዚህ ሁለት ጫፎች ማረፊያ ነው።

ስሕተቱ የሚጀምረው «ብራይትነስ» የተባለው ማስተካከያ «ብርሃን» ተብሎ ሲተረጐም ነው። ለምሳሌ ቀትር ላይ በአዳሚ ቱሉ የተቀረጸ ሠርግ እንውሰድ። በአንድ ምስል ውስጥ ነጭ ነጠላ የለበሱ ሴቶች ከፀሐይ፣ ሽማግሌዎች ደግሞ ከግራር ጥላ ሥር ይታያሉ። የሽማግሌዎቹ ፊት የጨለመበት ሠራተኛ፣ መመሪያው «ብርሃን» ያለውን ይጨምራል። ይህ ማስተካከያ ግን ምልክቱን በሙሉ ወደ ላይ ይገፋዋል እንጂ ለይቶ የሚያበራው ነገር የለም። ጥላው ግራጫ ይሆናል፤ ነጩ ከመደቡ ያልፍና የነጠላው እጥፋት ይጠፋል። ከመደቡ ያለፈው ስላልተመዘገበ፣ በኋላ ምስሉን ማጨለም እጥፋቱን አይመልሰውም።

ስለዚህ ስያሜው ማስተካከያው የሚያንቀሳቅሰውን ነገር ሊናገር ይገባል። የሚከተሉት ቃላት ቀርበዋል፦

1. የጥቁር ልክ፦ የምስሉ ጨለማ ክፍል የሚያርፍበት ቁጥር። «ብራይትነስ» በዚህ ሥራ «የጥቁር ልክ ማስተካከያ» ይባል።

2. የነጭ ልክ፦ የምስሉ ነጭ ክፍል የሚያርፍበት ቁጥር። «ኮንትራስት» በአብዛኛው ምልክቱን የሚዘረጋና የሚሰበስብ በመሆኑ «የነጭ ልክ ማስተካከያ» ይባል።

3. የልክ መቆረጥ፦ ከመደቡ ያለፈው ምልክት ሳይመዘገብ መቅረቱ። «ቁርጠት» የሆድ ሕመም ስም ስለሆነ ለዚህ አይመረጥም።

4. የጥቁር መነሻ፦ ጥቁር ከዜሮ በላይ የሚጀምርበት ከፍታ። በሰሜን አሜሪካው የኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. ሥርዓት ይህ ከመቶ 7.5 ነው። ከአሜሪካ በዘመድ የተላከ ካሴት ይህ መነሻ ሳይቀነስለት ከተገለበጠ፣ ጥቁሩ በ16 ፈንታ በ32 ገደማ ያርፋል፤ ምስሉም ጭጋግ የለበሰ ይመስላል።

«ደረጃ» የሚለው ቃል ለምን እንዳልተመረጠ ማስረዳት ያስፈልጋል። «ደረጃ» ማዕረግንና ቅደም ተከተልን ያሳስባል። «ልክ» ግን «ለካ» ከሚለው ግሥ ጋር የተዛመደ ሆኖ መጠንንም ወሰንንም ይይዛል፤ ሕዝቡ «ልኩን አለፈ» ሲል ወሰን መጣሱን መናገሩ ነው። በዚህ ሥራ የሚፈለገውም ፍች ይኸው ነው።

በእነዚህ ቃላት የተጻፈ መመሪያ የሚከተለውን ይመስላል፦ «በቅድሚያ የምስሉን ጠርዝ ጥቁር መስመርና ከግርጌ ያለውን ብጥብጥ ከልኬት ውጭ አድርግ። ቀጥሎ የጥቁሩን ልክ በ16 ላይ አሳርፍ። ከዚያም የነጩ ልክ ከ235 እንዳያልፍ አስተካክል። በመጨረሻም የጥቁሩን ልክ እንደገና ተመልከት፤ አንዱ ሲነካ ሌላው ሊንቀሳቀስ ይችላልና።» በዚህ መመሪያ ውስጥ «ብርሃን» የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልገባም፤ ሠራተኛው ግን ምን እንደሚያንቀሳቅስና የት እንደሚያቆም ያውቃል።