የካውቦይ ፊልም እንደገና ይሠራ ወይ? ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ በኩል ሲታይ

በትምህርት ክፍላችን ስለ ፊልም ክርክር በተነሣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም፦ የድሮዎቹ የካውቦይ ፊልሞች በአዲስ ካሜራና በአዲስ ተዋንያን እንደገና ይሠሩ ወይስ እንደነበሩ ይተው? አንዱ ወገን «ክላሲክ አይነካም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ይሄ ሁሉ ቴክኖሎጂ እያለ ለምን ባሮጌው እንቀራለን?» ባይ ነው። በበኩሌ እንደገና መሥራቱን እደግፋለሁ። ነገር ግን ታሪኩ አገር ሲለውጥ መጨረሻውም አብሮ መለወጥ አለበት እላለሁ። ለምን እንዲህ እንደምል በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ «አይነካም» ለሚሉት ወገኖች፣ ካውቦይ ፊልም ከጥንቱም በመዋዋስ የኖረ መሆኑን ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1954 ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ» የተባለውን ፊልም ሠራ። ሽፍቶች እህሉን እየዘረፉ ያስመረሩት የገበሬ መንደር ሰባት ጎራዴ ታጣቂዎችን ቀጥሮ ራሱን ሲከላከል ያሳያል። በ1960 አሜሪካዊው ጆን ስተርጀስ ያንኑ ታሪክ ወደ ሜክሲኮ መንደር ወስዶ፣ ጎራዴውን በሽጉጥ ለውጦ «ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን» አለው። የኩሮሳዋን «ዮጂምቦ» ደግሞ ጣሊያናዊው ሰርጂዮ ሊዮኔ ሳያስፈቅድ ወስዶ በ1964 «ኤ ፊስትፉል ኦፍ ዶላርስ»ን ሠራበት፤ ተከሰሰ፤ ነገሩ በስምምነት ሲያልቅ ጃፓኖቹ ከገቢው ድርሻ አገኙ። ክሊንት ኢስትውድ ዝነኛ የሆነው በዚሁ ፊልም ነው። ታዲያ ኢስትውድ በ1992 የሠራውን «አንፎርጊቭን» ጃፓኖች በ2013 በተራቸው ወሰዱና የሳሙራይ ዘመን ባበቃበት ወቅት፣ የአይኑ ሕዝብ በሚገፋበት በሆካይዶ ደሴት አስቀመጡት። ብድር መመለስ ማለት እንዲህ ነው።

እርግጥ ሁሉም ዳግም ሥራ አይቃናም። በ«ሰባቱ ሳሙራይ»ም ሆነ በ1960ው ፊልም መጨረሻ ላይ፣ ከሞት የተረፉት ታጣቂዎች ያሸነፉት ገበሬዎቹ እንጂ እነሱ አለመሆናቸውን ተናግረው ይሄዳሉ። ለእኔ የታሪኩ እምብርት ይኸ ነው። በ2016 አንትዋን ፉኳ፣ ዴንዘል ዋሽንግተንን መሪ አድርጎ ሲሠራው ግን ፍንዳታው በዛ፣ የውጊያው ምክንያትም ዞሮ ዞሮ የመሪው የግል ቂም ሆነ። ገበሬው ዳር ቀረ። ለዚህ ተቃራኒው «ትሩ ግሪት» ነው። የ1969ኙ ለጆን ዌይን ኦስካር ያስገኘለት ሲሆን፣ የአባቷን ገዳይ የምታሳድድ የ14 ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። የኮኤን ወንድማማቾች በ2010 እንደገና ሲሠሩት የጆን ዌይንን ፊልም ትተው ወደ ቻርልስ ፖርቲስ መጽሐፍ ተመለሱ። በዚህኛው ልጅቱ አርጅታ፣ አንድ ክንዷን አጥታ፣ ሳታገባ ቀርታ እናያታለን። የፊተኛው የደበቀውን፣ በቀል ያስከፈላትን ዋጋ ማለቴ ነው፣ ሁለተኛው አወጣው።

ይህ ሁሉ ታዲያ ከጋይንት ጋር ምን አገናኘው? ያደግሁት እስቴ ነው። በወረዳችን ከተማ ቪዲዮ ቤት የካውቦይ ፊልም በታየ ቀን አግዳሚው ጢም ብሎ ይሞላ ነበር። አክተሩ እንደማይሞት ሁላችንም እናውቃለን፤ ጉጉታችን ስንቱን ይጥላል ብለን ነው። አንድ ቀን ያየሁትን ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለአያቴ ተረኩላቸው። ጀግናው አምስት ሰው ገድሎ በፈረሱ ብቻውን ወደ ፀሐይ መግቢያ ሲሄድ ያልቃል አልኳቸው። አያቴ ትንሽ ዝም አሉና «የሟቾቹ ወንድሞች የት ሄደው ነው እሱ በሰላም የሚሄደው?» ብለው ጠየቁኝ።

ካውቦይ ፊልምንና የኛን አገር የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የካውቦይ ጀግና ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ አንዳንዴ ስም እንኳን የለውም፤ የገደለውም ሰው ዘመድ ያለው አይመስልም። በጋይንት ወይም በስማዳ ግን ለእንግዳ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ነው። ሰው ሲሞት የወገን ሞት ነው። ገዳዩ ዱር ቤቴ ብሎ ወደ በሽሎ ቆላ ቢወርድም እዚህ የቀሩት ወንድሞቹና አጎቶቹ ደመኛ ሆነው ገበያ መውጣት፣ እርሻ መዋል ይቸግራቸዋል። የሟች ልጅ ደግሞ ገና እረኛ ሳለ ጀምሮ በፉከራና በቀረርቶ ያባቱ ደም እየተነሣበት ያድጋል።

መልክዓ ምድሩማ ለፊልም የተፈጠረ ነው፤ የጉና ተራራ፣ የጨጨሆ ገደል፣ የበሽሎ ሸለቆ አለ። ታሪኩም አይጠፋም። ቋራ ላይ ሸፍቶ የተነሣው ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ፤ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ሲያስጎትትም ያለፈው በዚሁ በጋይንት ምድር ነው። ነገር ግን ገደልና ፈረስ ስላለን ብቻ ባርኔጣ ደፍተን ሽጉጥ ብናማዝዝ የምናተርፈው ሳቅ ነው።

እኛ ያለን፣ ሆሊውድ የሌለው፣ ከተኩሱ በኋላ የሚመጣው ነገር ነው። ሽማግሌዎችና ቄሶች በሁለቱ ወገኖች መካከል ይመላለሳሉ። አንዳንዴ ወራት፣ አንዳንዴ ዓመታት ይፈጃል። የደም ካሣው ይቆረጣል፣ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ በሟች ቤተሰብ ፊት ይወድቃል፣ በመስቀል ይማማላሉ። ደም ደረቀ የሚባለው ያኔ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ መንግሥት አለ፤ ቤተሰብ ቢታረቅም በነፍስ ግድያ ዐቃቤ ሕግ ክሱን ይቀጥላል። ካውቦይ ፊልም ከመነሻው የሚጨነቅበት ጉዳይ፣ ሕግ ገና ባልጠናበት አገር ፍርድ የማን ነው የሚለው፣ እኛ ዘንድ በሽጉጥና በሸሪፍ ብቻ የሚያልቅ አይደለም፤ ሦስተኛ ወገን አለበት።

የአገራችን ፊልም ይህን ጨርሶ አልዘነጋውም። በሚሼል ፓፓታኪስ የተሠራው «ጉማ» ጉዳዩ ደም መመለስ ነበር፤ የጉማ የፊልም ሽልማትም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ «ድፍረት» (እ.ኤ.አ. 2014) ደግሞ ጠልፎ የደፈራትን ሰው በገዛ ጠመንጃው የገደለች የ14 ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። የአገር ሽማግሌዎች ባንድ በኩል፣ ጠበቃና ፍርድ ቤት በሌላ በኩል ጉዳይዋን ይይዛሉ። ፈረስና ባርኔጣ ስለሌለበት ማንም ካውቦይ አይለውም እንጂ፣ ከብዙዎቹ ይልቅ ለ«ትሩ ግሪት» የሚቀርበው እሱ ነው።

«ታዲያ አሁን ጊዜው ነው ወይ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ገብቷል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ወድቋል። በዚህ አካባቢ ጠመንጃ የትያትር ዕቃ አይደለም። አክተሩ ስንት ጣለ ብሎ የሚቆጥር ፊልም ለዚህ ሕዝብ ማቅረብ ለእኔ ነውር ነው። የሟቾቹን ወንድሞች የሚያሳይ ፊልም ግን ከሌላ ጊዜ ይልቅ አሁን ያስፈልጋል ባይ ነኝ።

እኔ ብሠራው «ትሩ ግሪት»ን ወደ ስማዳ አመጣው ነበር። የልጅቱ አባት ወገዳ ገበያ ውሎ ሲመለስ ተገድሏል። ገዳዩን የምታሳድድበት መንገድ ከፊልሙ እኩሌታ አይበልጥም፤ የቀረው የዕርቁ ሸንጎ ነው። እዚያ ካሣውን የሚቀበሉት አጎቶቿ ናቸው፤ እሷን ማንም አልጠየቃትም። ትታረቃለች ወይስ ፍርድ ቤት ሄዳ ትመሰክራለች? ለሽማግሌዎቹ ክፍል ደግሞ ተዋናይ ከአዲስ አበባ አላመጣም፤ ደም ያደረቁ አባቶችን ከየቀበሌው አሰባስቤ ቃሉን እንደሚያውቁት እንዲናገሩት አደርጋለሁ እንጂ።