ተለቀው የሚውሉ ዶሮዎች ጥቅምና የገበሬ ማኅበራት ሊወስዱት የሚገባ ጥንቃቄ

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚዘልቅ፥ ከዚያም የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ይዞ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ የሚወርድ መንገደኛ፥ በየደጃፉ ጫጩቶቿን አስከትላ መሬት የምትጭር ዶሮ ሳያይ አያልፍም። በደጋውም ሆነ በቆላው የገበሬው ዶሮ ሌሊት ከቤት አድራ ቀን ተለቃ የምትውል ናት። ይህ የአረባብ ልማድ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ በመሆኑ ብቻ ሊናቅ አይገባውም። ጉዳቱን መከላከል ከተቻለ ያለ ብዙ ወጪ ለቤተሰቡ ምግብና ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራ ነው።

ተዘግተው በሚቀለቡ ዶሮዎች እርባታ ከጠቅላላው ወጪ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ለመኖ የሚውል ነው። ተለቃ የምትውል ዶሮ ግን ከአውድማ የፈሰሰውን ገብስና ስንዴ፥ የአረሙን ፍሬ፥ ትሉን፥ ምስጡንና ለምለሙን ሣር ራሷ ለቅማ ታድራለች። ለምለም ሣር የምታገኝ ዶሮ የእንቁላሏ አስኳል ደማቅ ይሆናል። አፈር ላይ እየተንከባለለች ቅማሏን ታራግፋለች፤ ፀሐይም ታገኛለች። ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ባብዛኛው በእመቤቲቱ እጅ የሚገባ ስለሆነ ለጨው፥ ለሳሙናና ለልጆች ደብተር ፈጥኖ ይደርሳል።

ይሁን እንጂ ያገር ዶሮ በዓመት የምትጥለው በአማካይ ከ40 እስከ 60 ያህል እንቁላል ብቻ ነው። ከተፈለፈሉት ጫጩቶችም በአያያዝ ጉድለት ግማሽ ያህሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ሊያልቁ ይችላሉ። ስለሆነም ትርፉ የሚገኘው የዶሮውን ቁጥር በማብዛት ሳይሆን የተፈለፈለውን ከሞት በማዳን ነው።

ፈንግልን በኅብረት መከላከል

ዶሮን ከሚፈጁት በሽታዎች ሁሉ የከፋው ፈንግል ነው። በሽታው በዓለም ዙሪያ የታወቀው በ1926 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ አካባቢ ከተከሠተ ወዲህ ሲሆን፥ በሳይንስም የሚጠራው በዚያች ከተማ ስም ነው። የያዛት ዶሮ ክንፏን ትጥላለች፤ ታንቀላፋለች፤ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፤ አረንጓዴ ቅዘን ያስቀምጣታል፤ አንገቷም ሊጠመዘዝ ይችላል። አንዴ ከገባ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። መከላከያው ክትባት ብቻ ነው።

የማኅበር መሪዎች ድርሻ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ብልቃጥ ክትባት በመቶ ለሚቆጠሩ ዶሮዎች የሚበቃ ሲሆን፥ ከተበጠበጠ በዚያው ቀን ማለቅ ይኖርበታል። አምስት ወይም ስምንት ዶሮ ያለው አንድ ገበሬ ብልቃጡን ለብቻው ቢገዛ አብዛኛው ይደፋበታል። ደግሞም ዶሮ የአጥር ወሰን ስለማታውቅ፥ አንዱ ቤት አስከትቦ ሌላው ቢተው በሽታው ከጎጡ አይጠፋም። ስለዚህ ገንዘቡን አስቀድሞ ማሰባሰብ፥ የየቤቱን ዶሮ መቁጠርና ጎጡን በሙሉ በአንድ ቀን ማስከተብ የማኅበሩ ተግባር ነው።

ክትባቱ የሚሠራው አገር ውስጥ፥ በ1964 እ.ኤ.አ. ቢሾፍቱ በተቋቋመው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ነው። ዓይን ላይ በጠብታ የሚሰጠውን ዓይነት ከየጎጡ የሚመረጡ ወጣቶች በጥቂት ሥልጠና ሊሰጡት ይችላሉ። ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ በቀር በየአራት ወሩ፥ ማለትም በኅዳር፥ በመጋቢትና በሐምሌ ቢደገም፥ ዶሮዎቹ ገና፥ ፋሲካና እንቁጣጣሽ ሳይደርሱ የተከተቡ ይሆናሉ። በእነዚህ በዓላት ሰሞን የዶሮ ገበያ ይደራል፤ በሽታም ከአገር አገር ይዛወራል። የመጋቢቱ ክትባት ከክረምቱ ዝናብ በፊት ስለሚውል በተለይ ሊታለፍ አይገባም። ክትባቱን ፀሐይ እንዳያገኘው በበረዶ ዕቃ መያዝ፥ ሥራውንም ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ በማለዳ መጀመር ያሻል።

ከገበያ የተገዛች ዶሮ ከሌሎቹ ሳትቀላቀል ለ14 ቀን ተለይታ ትቆይ። የታመመችን ዶሮ ወደ ገበያ መውሰድ በሽታውን ለሌላው ገበሬ መሸጥ ነው። የሞተችውም ለውሻ ሳትጣል በጥልቅ ትቀበር ወይም ትቃጠል።

ከአውሬና ከብርድ መጠበቅ

ቀን ጭልፊት፥ ሌሊት ሸለምጥማጥና የዱር ድመት ጠላቶቿ ናቸው። ጫጩቶች ቢያንስ እስከ አንድ ወር ድረስ በተደፋ ቅርጫት ሥር ወይም በታጠረ ቦታ ቢውሉና ጥቂት ጥሬ ተከክቶ ቢሰጣቸው ከጭልፊት ይድናሉ። ሸለምጥማጥን ለመግደል ተብሎ መርዝ ማስቀመጥ ግን ፈጽሞ መከልከል አለበት። አካባቢው በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አዋሳኝ ነው። አይጥ እየበላ ገበሬውን የሚጠቅመውን ቀይ ቀበሮ፥ አሞራውንም ጭምር መርዙ ያጠፋል።

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ሌሊቱ ይቆረቁራል። ዶሮዎች ከሰው ጋር ባንድ ጣራ ሥር ሲያድሩ ቁንጫና ቅማል ስለሚያዛምቱ፥ የጭቃ ምርጉ ነፋስ የማያስገባ፥ ከግድግዳው አናት ላይ ብቻ መተንፈሻ ያለው፥ ወለሉ ገለባ የተነጠፈበትና ቆጥ ያለው ትንሽ ቤት ቢሠራላቸው ይበጃል። በሩ ሲመሽ ይዘጋ።

የዘርና የጾም ወራት

ዘር በሚዘራበትና የሽንኩርት ችግኝ በሚተከልበት ሰሞን ተለቃ የዋለች ዶሮ የጎረቤት ጠብ ታመጣለች። ቡቃያው እስኪጠና ዶሮዎች ስንት ቀን ተዘግተው እንደሚውሉ ማኅበሩ በስብሰባ ቢወስን ክርክሩ ይቀራል። ፀረ ተባይ በተረጨበት ማሳ አጠገብም ሊለቀቁ አይገባም።

በዐቢይ ጾም እንቁላል ገዢ ያጣል። ያን ጊዜ ትኩሱን እንቁላል መርጦ ማስታቀፍ ይቻላል። በ21 ቀን የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ከክረምቱ ጭቃና ብርድ በፊት ይጠናሉ።

ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ በሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር እንደሚከፋፈሉት ያሉ የተሻሻሉ ዝርያዎች ግን ለቅመው ብቻ አይጠግቡም። ተጨማሪ መኖ ካላገኙ የሚጠበቀውን ያህል እንቁላል አይጥሉም። አብዛኛዎቹም ስለማይታቀፉ ላስታቃፊነት ያገር ዶሮዋን ማቆየት ይገባል።

ከዚህ ሁሉ ቤት መሥራቱ፥ ጫጩት መጠበቁና ማስታቀፉ የየቤቱ ሥራ ነው። የክትባቱን ቀን መቁረጥ፥ መዋጮውን መሰብሰብና የእንስሳት ጤና ባለሙያውን አስቀድሞ መጥራት ግን የመሪዎቹ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ቀኑ ተቆርጦ በየጎጡ ይነገር።