ስሎቱ የማን ነው?

ባለሁለት ፕሮሰሰር ማዘርቦርድ ምን እንደሆነ ለመናገር ብዙ ቃል አይፈጅም፦ ሁለት ሶኬት፣ በየሶኬቱ ግራና ቀኝ የራም ማስገቢያ፣ ከታች የካርድ ስሎት። ሰርቨር ክፍል ውስጥ ተዘግቶበት ስለሚኖር ብዙ ሰው አያውቀውም፤ የሚያውቀውም «ለጌም አይሆንም» ብሎ ያልፈዋል። አዎ፣ ለጌም አይሆንም። ግን ሦስት ግራፊክስ ካርድ፣ ፈጣን የኔትወርክ ካርድ፣ የዲስክ መቆጣጠሪያና የቪዲዮ መቅረጫ ካርድ በአንድ ማሽን ልሰካ ያለ ሰው ወዴት ይሂድ? የተለመደው የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ለካርድ የሚሰጠው 16 የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ነው፤ ቢበዛ አራት ወይም ስምንት ይጨምርበታል። አንድ ግራፊክስ ካርድ ብቻውን 16ቱን ይውጣቸዋል።

እንዲህ ያለ ሰሌዳ ሊገዛ የተነሳ ሰው ታዲያ የመጀመሪያ ሥራው ስሎት መቁጠር ነው። «ይሄ ሰባት አለው፣ ያኛው ስድስት» ይልና ባለሰባቱን ይዞ ይወጣል። ይህን ባየሁ ቁጥር አፌን ይበላኛል። ስሎት ፕላስቲክ ነው። መጠየቅ ያለበት ከዚያ ስሎት የሚነሳው መስመር የት ይገባል፣ ባለቤቱስ ማን ነው የሚለው ነው።

ስህተቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ድሮ እንዲያ ማሰብ ልክ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. አቢት ቢፒ6 የሚባል ሰሌዳ ወጣ፤ ርካሹን የኢንቴል ሴለሮን ምንም ሳይነካካ ጥንድ አድርጎ የሚያሠራ፣ ብዙ ተማሪና የቤት ሞካሪ በሁለት ፕሮሰሰር የመሥራትን ጣዕም ያወቀበት። በዚያ ሰሌዳ ላይ ሁለቱም ፕሮሰሰሮች በአንድ የጋራ መንገድ ወደ አንድ ቺፕሴት ይሄዳሉ፤ ስሎቶቹም በሙሉ የተንጠለጠሉት ቺፕሴቱ ላይ ነው። በኢንቴል ሠፈር ስሎት ቺፕሴት ላይ መንጠልጠሉ እስከ 2010ሩ ኢቪጂኤ ኤስአር-2 ድረስ ቀጠለ። ኤስአር-2 ሰባት ረጃጅም ስሎት ደርድሯል፤ ቺፕሴቱ ያለው ግን 36 መስመር ብቻ ስለሆነ ሁለት ተጨማሪ ቺፖች እየተቀባበሉ ያከፋፍሉታል። ያም ሆኖ ስሎቱ የሰሌዳው ነበር።

በ2012 ዚዮን ኢ5-2600 የሚባለው የሰርቨር ፕሮሰሰር ሲመጣ ኢንቴል መስመሮቹን ከቺፕሴቱ ነጥቆ ፕሮሰሰሩ ሆድ ውስጥ አስገባቸው። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር 40 መስመር ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 80። ከዚያ ወዲህ ስሎት ባለቤት አለው። ሁለተኛው ሶኬት ባዶ ከሆነ የእሱ ስሎቶች በሙሉ በድን ናቸው። ሁለት ቆጣሪ የታሰበለትን ግቢ አስቡ፦ ሁለተኛው ቆጣሪ እስካልገባ ድረስ በእሱ በኩል የተዘረጉት ክፍሎች አምፖል ቢሰቀልባቸውም ጨለማ ናቸው።

አንድ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወዳጄ ያገለገለ ዎርክስቴሽን ገዛ። ሻጩ አንደኛውን ፕሮሰሰር አውጥቶ ለብቻው ሸጦት ኖሯል። ወዳጄ አዲስ ካርድ ሰካ፤ ማሽኑ አላየውም። ተበላሽቷል ብሎ መለሰው፤ የተቀየረለትም አልሠራም። ጎኑን ከፍተን ስናይ ካርዱ የተሰካው ከባዶው ሶኬት ድርሻ ላይ ነው። ወደ ሌላ ስሎት ስናዛውረው ወዲያው ተነሳ። ብዙ ሰሌዳዎች ላይ እኮ ከስሎቱ አጠገብ በትንንሽ ፊደል «ሲፒዩ2» ተብሎ ተጽፏል። ማን ያነባል!

ለእኔ የኢ5 ዘመን ቆንጆ የሱፐርማይክሮ ኤክስ9ዲአርኤክስ+-ኤፍ ነው። አሥር ባለ8 መስመር ስሎት አለው። አሥር ጊዜ ስምንት ሰማንያ፤ ከሁለቱ ፕሮሰሰሮች የሚወጣው መስመር አንድም ሳይቀር ለገዢው ተሰጥቷል ማለት ነው፣ አምስት ስሎት ከአንዱ፣ አምስት ከሌላው። ከቺፕሴቱ የሚነሳ ዘገምተኛ አሥራ አንደኛም ተመርቆበታል። የተራ ኤቲኤክስ ኬዝ ጀርባ ያለው ክፍተት ሰባት ብቻ ስለሆነ ይህን ሰሌዳ እዚያ ማስገባት አይታሰብም፤ ቢሆንም እንዲህ ያለ ንጹሕ ሒሳብ የሚሠራ መሐንዲስ ሳይ ደስ ይለኛል።

«ባለ16 ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ» ለሚሉትም አንድ ነገር ልበል። ረጅም ስሎት ሁሉ ባለ16 አይደለም፤ አካሉ 16 ሆኖ የተዘረጋለት መስመር 8 ወይም 4 የሆነ ሞልቷል፤ የሚታመነው ማኑዋሉ ላይ ያለው ንድፍ ነው። ደግሞም በፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 አንድ መስመር በሰከንድ አንድ ጊጋባይት ገደማ ያሳልፋል። ስምንቱ ለአብዛኛው ካርድ ይተርፋል።

ይልቅስ የሚያሳስበው ጎረቤት የመሻገሩ ጉዳይ ነው። በአንደኛው ፕሮሰሰር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም በሁለተኛው ሥር ያለውን ካርድ ሲፈልግ ዳታው በሁለቱ መካከል ያለውን ድልድይ ማቋረጥ አለበት፤ ያዘገያል። በቀጥታ የሚነጋገሩ ሁለት ግራፊክስ ካርዶች ካሏችሁ በአንድ ፕሮሰሰር ሥር ሰብስቧቸው። ራሙንም ለሁለቱም ወገን እኩል አካፍሉ፤ ሁሉን በአንድ ወገን አጭቆ ሌላውን ጦም ማሳደር የተለመደ ጥፋት ነው። ሊኑክስ ላይ «ኤልኤስቶፖ» የሚባለው ትእዛዝ የትኛው ካርድ በማን ሥር እንዳለ ሥዕሉን አውጥቶ ያሳያል።

እነዚህን ሰሌዳዎች እወዳለሁ፤ ግን አልዋሽም። የምትፈልጉት ስሎት ብቻ ከሆነ ከ2017 ወዲህ ሁለት ፕሮሰሰር የግድ አይደለም። የመጀመሪያው የኤኤምዲ ኤፒክ ብቻውን 128 መስመር አለው። ሁለት ሲሆኑስ? ያው 128! እያንዳንዱ 64ቱን ከወንድሙ ጋር ለመነጋገሪያ ያውለዋል። ስለዚህ ሁለተኛውን ኤፒክ የሚገዛ ሰው ኮርና ራም ጨመረ እንጂ ለካርዶቹ አንድም መስመር አላተረፈም። በቀጣዩ ትውልድ አንዳንድ ሰሌዳዎች እስከ 160 ከፍ ያደርጉታል።

የቀረው የቤት ሥራ ነው። ኬዙ ኤስኤስአይ ኢኢቢ የሚባለውን 305 በ330 ሚሊሜትር መቀበሉን እዩ፤ ከኢ-ኤቲኤክስ ጋር በስፋት ቢመሳሰሉም የብሎን ቀዳዳቸው ሊለያይ ይችላል። ፓወር ሰፕላዩ ለፕሮሰሰር ሁለት ባለ8 ፒን ገመድ ይኑረው። ዊንዶውስ ሆም ሁለተኛውን ፕሮሰሰር አያይላችሁም፣ ቢያንስ ፕሮ ያስፈልጋል። ከኢ5 ሰረዝ ቀጥሎ የሚመጣው አሃዝ 1 ከሆነ ያ ፕሮሰሰር ብቻውን እንጂ ጥንድ ሆኖ አይሠራም፤ ለጥንድ ከ2 ጀምሩ።

ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ሶኬት በስልክ መብራት ሳታዩ ብር አትቁጠሩ። የእነዚህ ዚዮኖች ፒን ያለው ሰሌዳው ላይ ነው፤ ባዶ ሆኖ ያለ ክዳን የተንከራተተ ሶኬት ፒኑ ይጣመማል፣ አንዲት የተጣመመች ፒንም አንድ የራም ቻናል ወይም አንድ ስሎት ይዛ ትሄዳለች። ሻጩ ክዳኑን ላንሳ ሲባል ካንገራገረ ተሰናብታችሁት ውጡ።